ከጀርባ የተቀረጸ

በርገን ይዘንባል፤ ይህ ዜና አይደለም፣
ዓሣ የሚከትፍ ሰው ሰማይ አያይም።
እኔና ካቲራቬሉ፣ ባንድ ጠረጴዛ፣
እሱ ቢላ ሲስል፣ እኔ በረዶ ሳበዛ፣
ሰባት ክረምት ሙሉ ትከሻ ገጠምን፣
በሰባራ ኖርዌይኛ እየተግባባን።

አንድ ማክሰኞ ጧት የፊልም ሰዎች መጡ፣
ከቼናይ የበረሩ፣ በብርድ የገረጡ፤
ካሜራው በላስቲክ፣ መብራቱ በሸራ፣
ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ ሁሉም ሲጣራ።
እኔን ለጃንጥላ ቀጠሩኝ በቀን፣
እሱን ምሳ እንዲያመላልስ፣ ሚስቱ የሠራችውን።

ታሪኩ እንዲህ ነው።
የጥንት የፍልሚያ ጥበብ፣ የዘንባባ ቅጠል ላይ በሾለ ብረት የተጻፈ
(ቅጠሉ ፕላስቲክ ነው፤ ያዝልን ሲሉኝ አይቼዋለሁ)፣
የሰውን ጅማት ነክቶ ባንድ ጣት መጣል፣
ሽመል እያሽከረከሩ ከዝናብ መጠለል፤
ይህ ሁሉ ተሰርቆ እዚህ ሙዚየም አለ፤
ጀግናው ሊያስመልሰው ከጣራ ጣራ ዘለለ፤
ሞተር ብስክሌት አለ፣ ሄሊኮፕተር አለ፣
ሁለት ዘፈን አለ።

ተዋናዩ መልከ መልካም፣ ደረቱም ሰፊ ነው፤
ሽመል ሲጨብጥ ግን መጥረጊያ አስመሰለው።
አንዴ አሽከረከረ፣ ጉልበቱን አገኘው፤
ደግሞ አሽከረከረ፣ መብራቱን ሰበረው።
ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣
ከዚያ እኔን፣ ዝናቡን ያመጣሁት ይመስል።

ካቲራቬሉ ድስቱን አስቀመጠ።
እጁን በሱሪው ጠረገ።
«ወዲህ በለው» አለ፤ በታሚል ነው ያለው፤
የተዘረጋ እጅ አስተርጓሚ አያሻው።

ከዚያ ሽመሉ ጠፋ።
ድምፁ ብቻ ቀረ፣ ቀፎው የተነካ የንብ መንጋ ድምፅ፤
ያ ደረጃ ሲወጣ «ጉልበቴን» የሚል ሰው
ግራ ተረከዙን፣ ፍም እንደ ረገጠ፣ ከምድር ከፍ አድርጎ
በርጥቡ ድንጋይ ላይ እንደ ድመት ዞረ።
እውነቱን ልናገር፤ ትከሻው ርሷል።
መነጽሩ ላይ ግን ጠብታ አልነበረም።

«ከማን ተማርከው?» አልኩት ሲጋራ ስንካፈል።
«ካባቴ፤ አሸዋ ላይ፣ ማታ፣ ጨረቃ ስትወጣ።
ከዚያ ጠመንጃ መጣ።»
ሌላ አልጨመረ።

አራት ሌሊት ቀረጹት። ሽበቱን አጠቆሩት፣
የጀግናውን ቀይ ጃኬት ባጥንቱ ላይ ሰቀሉት፣
«ፊትህን እንዳታዞር!» ይህን ብቻ አዘዙት።
ጀርባው በእንጨት ጣራዎች ላይ ሮጠ፣
ጀርባው ዘጠኝ ሰው ጣለ፤
ፊት ሲያስፈልግ ሌላው ከሞቀ መኪና ይወርዳል፣
ላብ ይረጩለታል፣ ፈገግ ይላል።

በዓመቱ ፊልሙ መጣ። እሑድ፣ በኪራይ አዳራሽ፣
ፉጨት፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የተቆላ ሽምብራ።
ያዚኒ፣ ልጁ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ፣
ዓሣ ይሸታል ብላ ሁለት ወንበር ርቃ ተቀመጠች ካባቷ።
ቀዩ ጃኬት ዞረ። ሽመሉ ጠፋ። ንቦቹ መጡ።
ሕዝቡ የጀግናውን ስም እየጠራ ተነሣ።
እሷ ብቻ ዝም፤ ዓይኗ ተረከዙ ላይ ቀረ፤
ለፈረቃ በሌሊት ሲወጣ ካልጋዋ ሆና የምትሰማው
ያ የደረጃ ኮቴ፣ አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል።
ሁለቱን ወንበር ተሻገረች።

የስም ዝርዝሩ ወረደ። የሱ የለም።
የእኔ ግን አለ፦ ጃንጥላ፣ ፊደሉ ተሳስቶ።

ሰኞ ሥራ ስገባ የመጥረጊያው እንጨት የለም፤
ብሩሹ ብቻውን ወለል ላይ ተጋድሟል።
በኋላ በር ወጣሁ።
ባዶ የዓሣ ሣጥኖች፣ መሐላቸው አባትና ልጅ።
አሽከረከረች፣ ጉልበቷን አገኘችው።
አሽከረከረች፤ አሁንም ጉልበቷን።
አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤
አውራ ጣቷን ብቻ በጣቱ ትንሽ ወደ ላይ ገፋ።

ዝናቡ ሦስታችንንም እያራሰን ነበር።
እኔ በረዶዬን ላበዛ ገባሁ።